«ካነበብኩ በኋላ የምለው ይጠፋብኛል»

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ችግሬ ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ከምወደው ነገር እያራቀኝ ስለሆነ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

ማንበብ እወዳለሁ፤ በተለይ የፋንታሲ ልቦለድና ግጥም። ከጓደኞቼ ጋር የንባብ ክበብ አለን። በየወሩ አንዳችን በቅርብ ስላነበብነው ነገር የተሰማንን ጽፈን እናቀርባለን። ባለፈው ተራዬ ስለ አንድ የፋንታሲ ልቦለድ ጽፌ አነበብኩ። ስጨርስ አንዷ ጓደኛዬ «ታሪኩን ነገርሽን እንጂ አንቺ ምን እንደተሰማሽ አልነገርሽንም» አለችኝ። ብዙ ያነበበች ልጅ ናት። እውነቷን መሆኑ ስለገባኝ ይበልጥ አፈርኩ። ቤት ገብቼ ለታላቅ ወንድሜ ብነግረው እሱ ደግሞ «ድሮስ የልጆች ተረት አንብበሽ ምን ልትዪ ኖሯል? ከእውነት መሸሽ እኮ ነው» አለኝ።

አሁን ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በእጄ ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንዱ ባለ ሦስት ቅጽ የፋንታሲ ልቦለድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጽ ጨርሻለሁ። ሌላው የግጥም መድበል ነው፤ ግማሹ ላይ ነኝ። ስለ ልቦለዱ ልጽፍ ስቀመጥ የሚመጡልኝ ስሞቹና ጦርነቶቹ ብቻ ናቸው። ስለ ግጥሞቹ «ደስ ይላል» ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። አንዱ ግጥም ግን አስለቅሶኛል። ሰው ስለ መጠበቅ ነው፤ አባቴን ካጣሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚያ ግጥም ባቀርብ ሰው ፊት ማልቀሴ ነው ብዬ እፈራለሁ። ትቼው ስለ ሌላ ባቀርብ ደግሞ የማስመስል ይመስለኛል። ከክበቡ ልውጣ ወይ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ዝም ያልኩት አንባቢ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጠላልፏል። አንዱ ያነበቡትን እንዴት እንደሚጽፉ ግራ መጋባት ነው፤ ሌላው የአባትሽ ሐዘን። የመጀመሪያው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊያዝ የሚችል ሥራ ነው። ሁለተኛውን ማንም ሊያጣድፍሽ አይገባም፤ እኔም አላጣድፍሽም። ከቀላሉ ልነሣና ወደዚያ ግጥም ቆየት ብለን እንመለሳለን።

ስለ ጓደኛሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያሳፈረሽ የተናገረችው ነገር ነው ወይስ ሰው ፊት መናገሯ? ሰው ፊት መናገሯ ከሆነ ለብቻዋ አግኝተሽ «ያልሽው ልክ ነው፤ ሁሉም እየሰሙ መሆኑ ግን ከበደኝ» በያት። ይህን ለመስማት የማትችል ጓደኛ አትመስለኝም። ነገሩ ራሱ ከሆነ ያሳፈረሽ፣ አነጋገሯን እስቲ ደግመሽ ስሚው፤ «አንቺ ምን ተሰማሽ» ብላ የምትጠይቅ ሰው መስማት የፈለገችው አንቺን ነው። ከክበቡ መውጣቱን ከዚህ ተራሽ በኋላ ታስቢበታለሽ። አሁን ብትወጪ ይዘሽው የምትሄጂው ያንን ዝምታ ብቻ ነው።

ወንድምሽን በክርክር መርታት አይጠበቅብሽም። ቃሉ ውስጥሽ ቀርቶ ከሆነ ግን ይህን ያዢ። እንግሊዛዊው የፋንታሲ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር እነዚህኑ ሁለት ክሶች አንሥቶ መልሷል። ተረት የልጆች ሆኖ የቀረው በተፈጥሮው እንዳልሆነ፣ ያረጀ የቤት ዕቃ ወደ ልጆች ክፍል እንደሚገፋ ሁሉ አዋቂዎች ጊዜው አለፈበት ብለው ገፍተውት መሆኑን ተናገረ። ስለ መሸሽም፣ የእስረኛን ማምለጥና የወታደርን መክዳት አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው አለ። እና አንቺን ልጠይቅሽ፦ ያንን ልቦለድ ስታነቢ ከምን እያመለጥሽ ነበር? ወይስ ወደ አንድ ነገር እየሄድሽ ነበር? መልሱን ለወንድምሽ አትንገሪው፤ ለማስታወሻሽ ጻፊው። ምናልባት ከምታቀርቢው ጽሑፍ ውስጥ ጥሩው ዓረፍተ ነገር እዚያ ይገኝ ይሆናል።

አሁን ወደ ልቦለዱ። ስለ ፋንታሲ የሚጽፍ ሰው ታሪክ ወደ መተረክ የሚንሸራተተው ስንፍና ይዞት አይደለም። ዓለሙ እንግዳ ነው። መንግሥታቱን፣ የዘር ሐረጉን፣ የአስማቱን ሕግ ካላብራራን ሰሚው የሚገባው አይመስለንም፤ ስለዚህ እናብራራለን፣ አሁንም እናብራራለን፣ የተሰጠን ሰዓት በዚያው ያልቃል። መድኃኒቱ ወሰን ማበጀት ነው። ለታሪኩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጪው፦ ዋናው ሰው ማን ነው፣ የሚኖርበት ዓለም ከእኛ በምን ይለያል፣ የሚፈልገው ወይም ያጣው ነገር ምንድን ነው። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ አትለፊ። በጽሑፍሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ካልተጠራ በቀር የማንንም ስም አታስገቢ፤ ሌላውን «አሮጊቷ ጠንቋይ»፣ «ታናሽ ወንድሙ» እያልሽ እለፊ። የአገራቱን ስም ተዪው። ካርታውን ያየ ሰው የለም፤ ሰሚው አምስተኛው እንግዳ ስም ላይ ሲደርስ መከተል ያቆማል።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ በኋላ ወደ አስማቱ ሂጂ። እዚህ ላይ ረጋ በዪ፤ የፋንታሲ ልቦለድ ከሌላው ልቦለድ የሚለይበት ዋና ነገር እዚህ ነውና። አስማቱ ምን ማድረግ አይችልም? የተጠቀመበት ሰው ምን ይከፍላል? ከፋዩ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ደራሲው ያወጣውን ሕግ የጣሰበት ቦታ አለ? አስማት ሁሉን የሚችል ከሆነ ገጸ ባሕርዩ የሚያጣው ነገር አይኖርም፤ ስለዚህም አንሰጋለትም። የሰጋሽበትን ምዕራፍ አስታውሺ። ብዙ ጊዜ ዋጋው የተከፈለበት ምዕራፍ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ታሪክ እዚሁ እንፍጠር። አስማት በሠራ ቁጥር አንድ ትዝታ የሚጠፋበት ልጅ አለ እንበል። አንድ አንባቢ ስለሱ «በጣም ልብ የሚነካ፣ በአሳዛኝ ሁኔታ የተጻፈ ድንቅ መጽሐፍ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሌላዋ እንዲህ ትጽፋለች፦ «ልጁ የእስር ቤቱን በር በአስማት ሲከፍት የእናቱ ድምፅ ከትዝታው ጠፋ። ደራሲው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ወደ ውጊያው አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ፤ እናቱ መጨረሻ የተናገረችበትን ገጽ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግሁት።» ሁለተኛዋ «አዘንኩ» የሚል ቃል አልተጠቀመችም። ቦታውን አሳየች፣ ደራሲው እዚያ ምን እንዳደረገ ተናገረች፣ ከዚያ ራሷ ምን እንዳደረገች ጻፈች። ጓደኛሽ የጠየቀችሽ ይህንኑ ነው። ረቂቅሽ ውስጥ «ደስ ይላል»፣ «ድንቅ ነው»፣ «ልብ ይነካል» የሚል ቃል ባገኘሽ ቁጥር አጠገቡ «የቱ ቦታ?» ብለሽ ጻፊና ለዚያ መልስ ስጪ። መልስ ካላገኘሽ ቃሉን ሰርዢው።

ቦታዎቹን ለማግኘት መጽሐፉን ከመግለጥ አትጀምሪ። ጨርሰሽዋል፤ ስለዚህ ዘግተሽ አስቀምጪውና ለሩብ ሰዓት ያህል የሚመጣልሽን ሁሉ ያለ ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ አፍስሺው። ስም ቢጠፋብሽ ነጥብ ነጥብ አድርገሽ እለፊ። ይህ መላ ለማስታወስም ይጠቅማል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ አንብበው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩ ተማሪዎች ደግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ ብዙ አስታውሰው ተገኝተዋል። ለአንቺ ግን ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው። መጽሐፉ ተዘግቶ የሚመጣልሽ ነገር አንቺ ላይ የቀረው ነው፤ ጦርነቶቹ ረግፈው አንድ የበር መዝጊያ ድምፅ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልጠሽ ቦታዎቹን አረጋግጪ። ትውስታሽ ከገጹ ጋር የማይገጥምበት ቦታ ካለ አትፈሪ፤ «እኔ እንዲህ ነበር የማስታውሰው፣ ገጹ ላይ ግን እንዲህ ነው» ማለት ራሱ ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል።

የያዝሽው የመጀመሪያ ቅጽ መሆኑንም አትርሺ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሁሉ የደራሲው ጉድለት አይደለም፤ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ቅጽ የተላለፈ ሊሆን ይችላል። የቶልኪን ረጅሙ ልቦለድ እንኳ እንደ አንድ ሥራ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ተከፍሎ ነው የታተመው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ የቆመበትን ቦታ ብቻ ይዞ በጠቅላላው ታሪክ ላይ መፍረድ ያሳስታል። «ይህ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ እጠብቀዋለሁ» ብለሽ ጻፊ። እንደ ጉድለት መቁጠር ያለብሽ ይህ ቅጽ ራሱ ቃል ገብቶ ያላሟላውን ነው፦ ተዋውቆ ያለ ምክንያት የጠፋ ሰው፣ መውጫ ሲጠፋ ድንገት ብቅ ያለ አዲስ ኃይል፣ የመሳሰለውን።

ወደ ግጥሙ እንምጣ። መጀመሪያ መድበሉን እንደ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ አታንብቢው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ግጥም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሸፍነዋል፣ የሚቀረውም «ደስ ይላል» ብቻ ይሆናል። የመረጥሽውን ግጥም አንዴ በዝምታ፣ አንዴ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ በማግሥቱ በእጅሽ ገልብጪው። ጮክ ብሎ ማንበቡ ግድ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ገጣሚው በዚህ እየተጫወተ ከሆነ የምትይዢው በአፍሽ እንጂ በዓይንሽ አይደለም። በእጅ መገልበጡ ደግሞ ዓይን የዘለለውን ቃል ያስቆምሻል።

አንድ ለምሳሌ የተገጠመ ስንኝ አብረን እንይ፦

በሩን ከፈትኩልሽ፣ ነፋሱ ቀደመሽ፤
መብራቱን አጠፋው፣ ገና ስጠብቅሽ።

መጀመሪያ ነገሩን በተራ ቋንቋ ተናገሪው፦ አንድ ሰው ለሚጠብቃት ሴት በር ከፈተ፣ ነፋስ ገብቶ መብራቱን አጠፋ፣ ሰውየው አሁንም ይጠብቃል። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የግጥም ንባብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ እዪ። ነፋሱ ይቀድማል፣ ያጠፋል። ሴትዮዋ ምንም አታደርግም። «አልመጣችም» የሚል ቃል ግን የትም የለም፤ እንዲያውም «ቀደመሽ» ሲል ከኋላ ትመጣለች የሚል ተስፋ ይዟል። ከዚያ ድምፁን አድምጪ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ነው፤ እያንዳንዱ ሐረግ፣ ማለትም የስንኙ ግማሽ፣ ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) አለው። ስትቆጥሪ ፊደሉን ሳይሆን ከአፍ የሚወጣውን ቁጠሪ፤ «መብራቱን» አምስት ፊደል ቢኖረውም ሲነበብ ሦስት ቀለም ነው። ቤት የሚመታው ፊደል ደግሞ «ሽ» ነው። ያልመጣችው ሴት በሁለቱም ስንኝ መጨረሻ ላይ አለች ማለት ነው። እንግዲህ «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ የነበረበት አንባቢ አሁን የሚናገረው አራት ነገር አገኘ።

መድበልሽ ውስጥ ቀለሙ የማይቆጠር፣ ቤት የማይመታ ግጥም ካለ በዚህ መለኪያ አትመዝኚው። እዚያ የምታዪው መስመሩ የተሰበረበትን ቦታ ነው፦ ገጣሚው ለምን እዚህ ቃል ላይ ትንፋሽ አስቆረጠኝ? ቀለም እየጠበቀ የመጣ ግጥም አንድ ቦታ ላይ ቢዛነፍ ደግሞ በዚያ ስንኝ ላይ ምን እየተባለ እንደሆነ እዪ፤ ሐሳቡ ራሱ የተሰበረበት ቦታ ሊሆን ይችላል። የተተረጎመ ግጥም ከሆነ ስለ ምቱና ስለ ቤቱ የምትሰጪው ምስጋና የተርጓሚው ስለሆነ ስሙን ጥሪ፤ ስለ ምስሉና ስለ ሐሳቡ ግን እንደ ሌላው መናገር ትችያለሽ።

አሁን ያስለቀሰሽ ግጥም።

አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐያሲ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም ሳይነግራቸው ይሰጥና የተሰማቸውን በጽሑፍ ይቀበል ነበር፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1929 አሳትሞታል። ከመዘገባቸው የንባብ መሰናክሎች አንዱ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ የራስ ትዝታ ንባቡን መውረሱ ነው። ይህን የምነግርሽ አባትሽን ከግጥሙ አስወጪ ለማለት አይደለም። መለያውን እንድታውቂው ነው፦ ትዝታሽ የተነሣበትን ቃል ገጹ ላይ በጣትሽ ማሳየት ትችያለሽ? «እዚህ ጋ፣ 'ገና' የሚለው ላይ» ማለት ከቻልሽ ትዝታሽ የግጥሙ ንባብ አካል ነው። ማሳየት ካልቻልሽ ግጥሙ አጋጣሚ ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እንባው ግን እውነተኛ ነው፣ ለብቻው ቦታ ይገባዋል።

ስለዚህ ሁለት ጽሑፍ ጻፊ። አንዱ ለራስሽ ነው። ስለ አባትሽ፣ ስለ መጠበቁ፣ የመጣልሽን ሁሉ ሳትቆጥቢ ጻፊው፤ ማንም አያየውም። ሁለትና ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ደግመሽ አንብቢውና ለክበቡ ምን ያህሉን ማካፈል እንደምትፈልጊ ራስሽን ጠይቂ። ሦስት መንገድ አለሽ። ስለ አባትሽ ምንም ሳትዪ ስለ ቃላቱና ስለ ድምፁ ብቻ መናገር አንዱ ነው፤ ይህ ማስመሰል አይደለም፣ ያየሽውን እውነት ነው የምትናገሪው። ሁለተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማስገባት ነው፦ «ይህን ግጥም ያነበብኩት ሰው ያጣሁ ሆኜ ነው።» ሦስተኛው ሁሉንም መናገር ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሰሚው ከየት ሆነሽ እንደምትናገሪ ያውቃል፣ አንቺም ከልክሽ በላይ አልተገለጥሽም። ምርጫው ግን የአንቺ ነው፤ በዕለቱ ጠዋት እንኳ ብትቀይሪው ማንም አይጠይቅሽም።

ድምፅሽ ይቆረጣል ብለሽ ከሰጋሽ ግጥሙን ሌላ ሰው እንዲያነበው አድርጊ፤ አንቺ ጽሑፍሽን ብቻ ታነቢያለሽ። ያቺኑ ጓደኛሽን አስቀድመሽ ብትጠይቂያትስ? ግጥሙን ቀደም ብለሽ ስጫት፤ ጮክ ብላ እንድትለማመደውም ንገሪያት። ብታለቅሺ ደግሞ ወረቀቱን ታስቀምጪያለሽ፣ ውኃ ትጠጪያለሽ፣ ትቀጥያለሽ። በግጥም ፊት ያለቀሰ ሰው ንባቡን አልተሳሳተም። ሐዘኑ ከዚህ ግጥም ውጭም እንቅልፍሽንና የዕለት ሥራሽን እየነሣሽ ከሆነ ግን፣ ይህን ለክበቡ አትተዪው፤ ለምታምኚው የቤተሰብ ሰው ወይም ለሥነ ልቦና ባለሙያ ንገሪ። እኔንም ደግመሽ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ብትከፍያቸው ይበቃሉ። የመጀመሪያው ለልቦለዱ የሩብ ሰዓት ጽሑፍና ለመድበሉ ቀሪ ግማሽ ይሁን። ሁለተኛው ሳምንት ለግጥሙና ለግል ጽሑፍሽ ነው። በሦስተኛው ረቂቁን ጻፊ፤ በእጅ ሁለት ገጽ ገደማ፣ ረጋ ብለሽ ስታነቢው ሰባት ደቂቃ ያህል የሚወስድ። ስለ ደራሲው ሕይወት በማውራት አትጀምሪ፤ ካቆመሽ ቦታ ጀምሪ። ሁለቱን መጻሕፍት በግድ አታጋቢያቸው፤ አንዱ ብቻ ደርሶ ከሞላ ሌላውን ለሚቀጥለው ተራ አቆዪው። የልቦለዱ ገጾች ውስጥ መዝሙር ወይም ግጥም ካለ ግን ተመለሺና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ብዙ ሰው ታሪኩ እንዳይቋረጥበት ይዘለዋል፤ ድልድዩ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ልቦለዱን ገና ያላነበበ ሰው ክበቡ ውስጥ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካለ መጨረሻውን አትንገሪ። ሁለተኛውን ቅጽ ስትጀምሪ ደግሞ ግማሹ ላይ ስትደርሺ ቁሚና ማንን እንደምታምኚ፣ ማን ይሞታል ብለሽ እንደምትሰጊ በአምስት መስመር ጻፊ፤ ቀን አድርጊበት። ከጨረሽው በኋላ «ድሮም ገብቶኝ ነበር» ማለት ይመጣል፤ ያኔ ምን ያህል እንደተገረምሽ የሚነግርሽ ያ ወረቀት ነው።